ሊያደርቃት ሲያረጥባት ያረፈደው

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር የላም በረት ልትሉኝ ነው። የዛሬው ግን በረት የለውም። ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ ወዲህ እኔ አለሁ። ቀዳዳዋን እኔ አልበሳኋትም፣ ሚስማሩ ወልቆ ነው። ማየቱን ግን አልክድም።

ከቀዳዳዋ ወዲያ የጋሽ አየልኝ ግቢ ነው። ጋሽ አየልኝ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያለው አንዲት ልጅና አንዲት ቮልስ ነው። ልጁ ቤዛዊት ትባላለች። ቮልሷ ስም የላትም፤ ግን "ልጆቼ" ሲል ሁለቱንም ነው። ቤዛዊትን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ጀምሮ ትምህርት ቤት ያመላለሳት በዚያች ቮልስ ነው። እንግዲህ ልጅቷ ልታገባ ሆነ። የሙሽራው ወገኖች ነጭ የኪራይ መኪና እናመጣለን ሲሉ፣ ልጄን ከቤቴ የማወጣት በራሴ መኪና ነው አላቸው። እነሱም፣ እናያታለን፣ ካማረች ይሁን አሉ። ይህች "ካማረች" የምትባል ቃል ገብታ ልቡ ላይ ቁጭ አለች። ቮልሷን ወስዶ ወይን ጠጅ ቀለም አስቀባት።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አጠባት። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የኛ የመተሐራ ፀሐይ ለማንም አታዝንም፤ የሰፈራችን ውሃ ደግሞ ጨው አለበት። ጠብታው መኪና ላይ ከደረቀ እንደ ቋቁቻ ነጭ ነጭ ይሆናል። በጨርቅ ልፈትገው ቢሉት አዲሱ ቀለም ይጫራል። ቀለም ቀቢውም፣ አደራ አትፈትጋት፣ ለስላሳ ፎጣ አልብስና አንሳ፣ አልብስና አንሳ ብሎታል። ጥላ ውስጥ እንዳያቆማት ጥላውን ሁሉ ድንኳኑ ወስዶታል።

በአጥሩ ላይ አንሶላዬን ባቀብለው ጥልፉ ይቧጭራል ብሎ መለሰልኝ። ከሱቅ አዲስ ፎጣ መጣ፤ አዲስ ፎጣ ደግሞ ውሃ አይጠጣም፣ ወዲያና ወዲህ ይነዳል እንጂ። ያን ጊዜ ነው ቤዛዊት ሕፃን ሳለች የምትደርቅባት ፎጣ ትዝ ያለችው። ከመታጠብ ብዛት እንደ ድመት ሆድ የለሰለሰች ፎጣ ናት። ጠብታው እንዳይደርቅበት ከበርሜሉ አንድ ጆግ ውሃ ቀዳና ቮልሷን አረጠባትና ፎጣዋን ሊፈልግ ገባ።

ፎጣዋ የት ብትገኝ ጥሩ ነው? የሙሽራዋ አክስት ወይዘሮ እንጉዳይ ራሷን ታጥባ ጠምጥማታለች። አክስትየዋ እርጥብ ራሴን ገልጬ በዚህ ፀሐይ ብወጣ ምች ይመታኛል አለች። ሌላ ፎጣ ልስጥሽ ቢላት፣ ሌላ ፎጣ ካለህ ለመኪናህ አትሰጣትም ወይ አለችው። እውነቷን ነው።

ራሷ ካልደረቀ ፎጣዋ አትወርድም፤ ፎጣዋ ካልወረደች ቮልሷ አትደርቅም።

ወጣና አንድ ጆግ ቀድቶ ቮልሷን አረጠባት።

ፀጉር ሠሪዋ ጸጉር የሚያደርቀውን ካስክ ተሸክማ መጥታ ነበር። ግን የካስኩ ሽቦ አጭር፣ የግድግዳው ሶኬት ሩቅ። የማራዘሚያ ገመድ ካልመጣልኝ ይህ ካስክ የራስ ቁር ነው አለች።

ገመዱ ካልመጣ ካስኩ አይነፍስም፤ ካስኩ ካልነፈሰ ራሷ አይደርቅም፤ ራሷ ካልደረቀ ፎጣዋ አትወርድም፤ ፎጣዋ ካልወረደች ቮልሷ አትደርቅም።

ወጣና አንድ ጆግ ቀድቶ ቮልሷን አረጠባት። ሊያደርቃት ብሎ ሲያረጥባት አየሁና በአጥሩ ቀዳዳ ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ አልሳቀም። እኔም ቀዳዳዋ ስለጠበበችኝ ዞሬ በበሩ ገባሁ፤ ጎረቤት አይደለሁ?

ማራዘሚያ ገመድ በግቢው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ድንኳን ውስጥ ዘፈን የሚያጫውተው ገመቹ ድምፅ ማጉያ ላይ ተጠምጥሟል። ገመቹ እስፒከር ላይ ተጋድሞ፣ ድንኳኑን ስሸከም አድሬ አንድ ሰው ብላ ያለኝ የለም፣ በባዶ ሆዴ ያሰርኩትን በባዶ ሆዴ አልፈታም አለ። በሠርግ ቤት ሰው ጦሙን ሲያድር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ አየልኝ አፈረ።

ገመቹ ካልበላ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ ካስኩ አይነፍስም፤ ካስኩ ካልነፈሰ ራሷ አይደርቅም፤ ራሷ ካልደረቀ ፎጣዋ አትወርድም፤ ፎጣዋ ካልወረደች ቮልሷ አትደርቅም።

ወጣና አንድ ጆግ ቀድቶ ቮልሷን አረጠባት።

ወጥ ቤት እትዬ ዝናሽ አለች፤ የሠርግ ወጥ ያለሷ አይሠራም። ብረት ድስቱ ልጅ የሚዋኝበት ያህላል። እሷም የቤት ጭልፋ አንስታ አሳየችውና፣ በዚህች ልጨልፍ ብል ክንዴ አብሮ ይቀቀላል፣ የዕድሩ ትልቁ ጭልፋ ካልመጣልኝ ክዳኑን አልነካም አለች። ትናንት የዕድሩ ድስት ወጥቷል፣ ወንበሩ ወጥቷል፣ ጭልፋውን ግን ረስተውታል። ዕቃ ማውጣት ለወንዶች ሲተው እንዲህ ነው።

ጭልፋው ካልመጣ ገመቹ አይበላም፤ ገመቹ ካልበላ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ ካስኩ አይነፍስም፤ ካስኩ ካልነፈሰ ራሷ አይደርቅም፤ ራሷ ካልደረቀ ፎጣዋ አትወርድም፤ ፎጣዋ ካልወረደች ቮልሷ አትደርቅም።

ወጣና ጆጉን በርሜሉ ውስጥ ሰደደው። የበርሜሉ ታች ኳ አለ። የመጨረሻዋን ውሃ ቀድቶ ቮልሷን አረጠባት። ከእንግዲህ ፀሐይዋ ካደረቀቻት፣ ነጩ የኪራይ መኪና ገባ ማለት ነው።

የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እማማ ጠጂቱ አንገት ላይ ነው የሚኖረው። እሳቸው ደግሞ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። በሠርግ ቀን ምስር! የለበሱት የዘወትር ቀሚስ ነው። ተከትዬው የሄድኩ እኔ ግን ዓይኔ አያርፍም፤ በበሩ ስንጥቅ ሳይ የክት ቀሚሳቸው ተተኩሶ ተሰቅሏል፣ ነጠላውም ታጥፎ አጠገቡ አለ። ምስሩም ቢሆን ተለቅሞ ያለቀ ነው፤ ደጋግመው ነው የሚለቅሙት።

ጋሽ አየልኝ እጅ ነሳና ችግሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። "እማማ፣ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ጭልፋው አይመጣም፤ ጭልፋው ካልመጣ ገመቹ አይበላም፤ ገመቹ ካልበላ ገመዱ አይፈታም፤ ገመዱ ካልተፈታ ካስኩ አይነፍስም፤ ካስኩ ካልነፈሰ ራሷ አይደርቅም፤ ራሷ ካልደረቀ ፎጣዋ አትወርድም፤ ፎጣዋ ካልወረደች ቮልሷ አትደርቅም።"

እማማ አንዲት ምስር አንስተው አዩና መለሷት።

"ጨረስክ? ጭልፋ አለበት፣ ገመድ አለበት፣ የእንጉዳይ ራስ እንኳ አለበት። እኔ የቱ ጋ ነኝ አየልኝ?"

ጋሽ አየልኝ ግራ ገባውና የጥሪ ካርድ ልኬልዎት የለም ወይ አለ። መላኩንስ ልኳል፤ ፊደል እየለቀምኩ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ።

"ካርድህ 'ከነቤተሰብዎ' ይላል" አሉት። "ቤተሰቤ ማን ነው? ድመቷ ናት? ያቺን ልጅ በአራስነቷ ያጠብኩ፣ በዚያች ፎጣ ያደረቅኩ እኔ ነኝ። ያጠብኳትን ልጅ በወረቀት ትጠራኛለህ?"

  እንግዲህ በኛ ሰፈር ካርድ ለሩቅ ሰው ነው፤ የቅርብ ሰው በአፍ ነው የሚጠራ፣ ደጃፉ ድረስ ተሄዶ። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ነበረች። እሷ ብትኖር ኖሮ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። እሱ በካርድ የጠራው ደረቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚነግረው ስላጣ ነው። ወንድ ብቻውን ሲድር እንዲህ ያለው ነገር ያመልጠዋል።

ከዚያ ጋሽ አየልኝ ቮልሷንም ፀሐይዋንም ረሳ። ጆጉን መሬት አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እማማ፣ ዛሬ ልጅዎን የሚድሩት እርስዎ ነዎት። እናቷ ብትኖር እሷ ነበረች የምትመጣ፤ እኔ መጣሁ። ይነሱልኝ።"

እማማ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ።

"እስኪ ቀሚስ ልለውጥ" አሉ። ቁልፉንም ከአንገታቸው አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ ሩጫ የምታውቂው አንቺ ነሽ ብለው።

ሮጥኩ። እማማ ተጠሩ፣ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፣ ጭልፋው ወጣ፤ ጭልፋው ወጣ፣ ገመቹ በላ፤ ገመቹ በላ፣ ገመዱ ተፈታ፤ ገመዱ ተፈታ፣ ካስኩ ነፈሰ፤ ካስኩ ነፈሰ፣ የእንጉዳይ ራስ ደረቀ፤ ራሷ ደረቀ፣ ፎጣዋ ወረደች። እንጉዳይ ገና ፀጉሯን ቅባት ሳትቀባ መድረሳችን በጀ። ፎጣዋን ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስቴ ሳራግፋት እዚያው በእጄ ደረቀች፤ ለመተሐራ ፀሐይ አንድ ቀን ምስጋና ካላት ያኔ ነው።

ጋሽ አየልኝ ፎጣዋን አጥፎ፣ መጀመሪያ ጣሪያዋ ላይ አለበሳት፣ በመዳፉ ቀስ ብሎ ተጫናት፣ አነሳት። ቀጥሎ ኮፈኗን። አለበሰ፣ አነሳ። ቀጥሎ በሮቿን። አለበሰ፣ አነሳ። ፎጣዋ ስትርስ በደረቁ በኩል ገለበጣት። የተኛ ልጅ የሚያለብስ ነው የሚመስለው። ኋላ በኩል አንድ ሁለት ጠብታ ቀድማን ደርቃ ነበር፤ እዚያ ላይ አበባ አሰርንባት።

ነጩ የኪራይ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። ሚዜው ወርዶ ቮልሷን ዞራት፤ በሯ ላይ የራሱን ከረባት አይቶ አስተካከለ። ከዚያ ለነጩ መኪና ሹፌር፣ አንተ ከኋላ ተከተል አለው። "ካማረች" ያሉት ሰዎች ሁሉ ዘፈን ሲቀይሩ ሰማሁ።

ቤዛዊት ወጣች። ቮልሷን አየች፣ ከፊተኛው ወንበር ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው የተቀመጡትን እማማ ጠጂቱን አየች፣ ያቺ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሴቱ ሁሉ ሜካፑ፣ ሜካፑ ብሎ ተንጫጫ። እንጉዳይ ነጠላዋን ይዛ ልትጠርጋት ተንደረደረች።

"አትፈትጊያት" አላት ጋሽ አየልኝ።

ከፎጣዋ አንዲት ደረቅ ጫፍ ቀርታ ነበር። በልጁ ጉንጭ ላይ አለበሳት፣ አነሳት። በዚያኛውም ጉንጭ አለበሳት፣ አነሳት። ኩሏ እንኳ አልተነካም። ከዚያ ያንኑ ጫፍ ወደ ራሱ ዓይን ወሰዳት፤ እሱ ግን ኩል የለበት፣ ፈተገው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ግን አደራ አትፈትጉት፤ አልብሳችሁ አንሱ።