በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቆረጠ ፀጉር

አንድ መነኩሴ ነበረ፤ የስፔን ሰው። ፊትሽን አታዙሪ የዝና፣ የጠየቅሽኝን እየመለስኩልሽ ነው። «የዕድሩ ብረት ድስት እኔው ጓዳ ተገኘ። ውባለምን ግን በሰው ፊት ሌባ ብያታለሁ። አሁን ቤቷ ሄጄ ለብቻዋ ይቅርታ ብላት አይበቃም ወይ?» አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው ይሄን መነኩሴ ስሚው። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ሲስተር ናት ያጫወተችኝ፤ የጎደለውን እኔ ሞልቼበታለሁ።

ዘመኑ ስፔኖች ባሕር ተሻግረው የሰው አገር የያዙበት ዘመን ነው። መነኩሴው ካፑቺን ከሚባሉት፣ ጢማቸውን ከማይላጩት ወገን ነበረ። በመርከብ ስንት ወር ተንገላቶ፣ ጫካ ውስጥ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች መሃል ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ክፉ ሰው አልነበረም። ካሳቫ የሚሉትን ሥራ ሥራቸውን ይበላል፣ የታመመ ልጃቸውን ያክማል፣ ቋንቋቸውንም ለምዷል። የለመደው ግን ሊሰብክበት ነው፤ ሊሰማበት አልነበረም።

ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ነው። ያገሩ ሰው ጢም እምብዛም አያበቅልምና ልጆቹ እየመጡ ይነኩለታል። እሱም ደስ ይለዋል፤ መነኩሴም ቢሆን ሰው ነው።

በዚያ አካባቢ እሑድ ደወል ተደውሎ ከቅዳሴ የቀረ ሰው በወታደር ይገረፍ ነበር። ይሄ መነኩሴ ሲመጣ «እኔ ባለሁበት ጅራፍ አይነሳም» አለ። ወታደሮቹ አጉረመረሙ። እሱ ግን በጅራፍ ፈንታ የቀረው ሰው ፀጉሩ እንዲቆረጥ ወሰነ። እሱ ራሱ መሃል አናቱን የተላጨ ነው፤ ፀጉር ለሱ ምኑ ነው? ይበቅላል። ከሁሉ መነኩሴ እኔ ርኅሩኅ ነኝ ብሎም ሳያስብ አልቀረም።

መጀመሪያ የቀረችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ የምትልበት ሰሞን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣትና መቀሱን አነሳ።

«አባ፣ ሰው እኮ…» ብላ ጀመረች።

«መጀመሪያ ቅጣቱ፤ ወሬው ኋላ» አላት። ወገቧ የሚደርሰውን ፀጉር ከማጅራቷ ላይ ቆረጠው። ደግሞ የራሱን አናት እየነካካ «አይዞሽ፣ እኔን እይኝ፤ ተላጭቼ ሞትኩ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራው እናት ለሠርጉ ያመጣችውን የጥጥ አልጋ፣ ያን እነሱ ከምሰሶ የሚያንጠለጥሉትን፣ ከሴትዮዋ ቤት አስነስታ ወሰደች። መነኩሴው ሰማና ተቆጥቶ ሄደባት።

«ቃል ኪዳን እንዲህ ይፈርሳል? ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«እሷማ ምን ታጠፋለች? እናቷ ናት እንጂ። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ አይደሉ የነገሩን?»

«እኔ ስለ እናቷ ምን ተናገርኩ?»

«በመቀስ ነዋ የተናገሩት፤ ለዚያውም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ! እኛ ዘንድ የሴት ፀጉር በምን ጥፋት እንደሚቆረጥ አያውቁም እንዴ? የሚሞት ሰው ትታ የሸሸች ናት ፀጉሯን የምትቆረጥ። የእንዲህ ያለችቱን ልጅ ቤቴ አስገብቼ፣ እኔ የወደቅሁ ቀን ማን ውሃ ያቀብለኛል?»

መነኩሴው ከዚያ ወጥቶ ጥሩ ሻሽ ፈልጎ ይዞ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደ። «ያን እሑድ የት ነበርሽ?» አላት፣ አሁን ገና።

«ወንዙ ማዶ አንድ ዘመድ የሌለው መንገደኛ ታሞ ወድቆ ነበር፤ እሱ ዘንድ ነበርኩ። ደወሉን ሁለታችንም ሰማነው። ‹ሂጂ፣ ይቆጡሻል› አለኝ። እጄን ጨብጦ ሂጂ ሲለኝ እንዴት አድርጌ ልሂድ? ቅዳሴው ሳያልቅ ሞተ።»

አየሽ ነገሩን? ከሚሞት ሰው ያልሸሸችውን ሴት ነው ሸሽታለች ብሎ አገር ያሰማባት። መነኩሴው መሬት ወድቆ እግሯን እየሳመ አለቀሰ።

«ይነሱ አባ» አለችው። «እዚህ ማን ያየዎታል? እኔ ያደረግሁትን አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።» ሻሹንም መለሰችለት።

ያኔውኑ ወጥቶ ቢናገር ምን ነበረበት። ግን ሀፍረት መጥፎ ነው፤ ምክንያት ይፈለፍላል። «ተሳሳትኩ ካልኩ ነገ የሰበክሁትንም ስህተት ነው ይሉኛል። ወታደሮቹ ይስቁብኛል፤ ጅራፉም ይመለሳል» እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ስለዚህ ፀጉሯ እስኪያድግ መጠበቅ ያዘ። በሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ሲሰብክ እሷ ወደተቀመጠችበት በኩል ዓይኑ አይዞርም። ልጆቹ ጢሙን ሊነኩ ሲመጡ እንኳ ዘወር ይልባቸው ጀመር። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሙሽራው ቤት ሌላ ልጃገረድ እያጠያየቀ እንደሆነ ሰማ። የሴትዮዋ ልጅ ደግሞ ከቤት መውጣት ትታለች። ፀጉሩ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል?

አንድ እሑድ ሲሰብክ ቆይቶ መጨረሻው ላይ «በመካከላችን አንድ ስህተት ተፈጽሟል፤ ሁላችንም ይቅር እንባባል» አለና በዚያው ሊያልፍ ሞከረ።

የሙሽራው እናት ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ «የማን ስህተት ነው አባ?» አለች።

ደሙ ከፊቱ አልፎ አናቱ ላይ ወጣ፤ የተላጨ ራስ ደግሞ ምኑንም አይደብቅም። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ሴትዮዋ ብቻ አቀርቅራለች።

ከዚያ መቀሱን ይዞ ወጣ። ሕዝቡም ምን ሊሆን ነው ብሎ ተከተለው። ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጢሙን እየጨበጠ ከአገጩ ሥር ይቆርጠው ጀመር። እየቆረጠም ይናገራል። «ይህች ሴት ከሚሞት ሰው አልሸሸችም። ሰውየው እጇን ይዞ ነው የሞተው። ልትነግረኝ ስትል አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። በናንተ ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ካወቅሁ በኋላም ፈርቼ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ።» ጢሙ ሲያልቅ አገጩ ይቺን የምታህል ሆና ተገኘች፤ የተነጨ ዶሮ መሰለ። ልጆቹ ሳቁ። ወታደሮቹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተቀምጦ ተሳቀበት።

ሠርጉማ ሆነ። የሙሽራው እናት አልጋውን በራሷ ጀርባ ተሸክማ መለሰች። ሴትዮዋም ወዲያው አላስገባቻትም፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቆመቻት። ደግ አደረገች እላለሁ እኔ። በሠርጉ ዕለትም ያን አጭር ፀጉሯን ሳትሸፍን ነው የጨፈረችው። መነኩሴውን ሀፍረቱ ቶሎ አልለቀቀውም። በጀልባ የሚያልፉ ባልንጀሮቹ «ጢምህን ምን በላው?» ባሉት ቁጥር ከመጀመሪያው መናገር ነበረበት፤ ይናገርም ነበር። ጅራፉ ግን እሱ ባለበት አልተመለሰም።

እና የዝና፣ መነኩሴው አንቺ ነሽ። ከፋሽ? ይክፋሽ። እሱም ክፉ አልነበረም፣ አንቺም ክፉ አይደለሽም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ አገር ቁጭ ባለበት፣ «ውባለም ናት የወሰደችው፤ ድሮም እጇ አያርፍም» አልሽ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ያስጠጋሉ፤ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ድግስ ቤት ወጥ እንድትሠራ የሚጠሯትም ቀርተዋል፤ ልጆቿን የምታበላው ደግሞ በሱ ነው። አንቺ ስኳርና ዘይት ይዘሽ ጓዳዋ ገብተሽ ብታለቅሺ ለሷ ምን ይሆንላታል? እሷማ እንዳልወሰደች ታውቃለች። ማወቅ ያለበት ያ ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ነው።

«ታዲያ መንደሩ ይሳቅብኝ?» ልትዪኝ ነው። አዎ፣ ይሳቅብሽ። እኔም ሳልስቅ አልቀርም፤ ምን እዋሽሻለሁ። የድሮ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚወጣው፤ አንቺ ምላስሽን ብቻ ይዘሽ ውጪ። ዕድሩ ሲሰበሰብ ተነሺና ተናገሪ። ደግሞ «ድስቱ ተገኝቷል፤ የተቀየመ ይቅር ይበል» ብለሽ ቁጭ እንዳትዪ። ያኔ ብድግ ብዬ «የት ተገኘ?» የምልሽ እኔ ነኝ።