የጃርት እሾህና የጉሬዛ ካባ

ልጅ ዓይን ዓይን እያየች «እማ፣ በመልካችን ነው?» ስትል ምን ይመለስላታል? ስንት ጊዜ አሰብኩት። እስቲ ተረቱን ላውራላችሁ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው ሲነጋገሩ፣ ለበጋ የሚሆን ሥራ ሥር የሚያከማቹበት አንድ ጉድጓድ ነበራቸው። ጠባቂ ይፈለጋል ተባለ። የጠበቀ በጋውን ሙሉ ከዚያው ይበላል።

ጃርት ይህን ሰማች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጇን አስከትላ ሄደች። መራጮቹ አጋዘንና ጦጣ ነበሩ።

«ጋሼ አጋዘን፣ እኔ ፍልፈል ከመሬት በታች ሲሄድ እንኳ ይሰማኛል። ሌባ ቢመጣ እሾሄን አቆማለሁ» አለች።

አጋዘን አልሰማትም። ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠውን ጉሬዛ ያያል። ነጭ ካባው ቁልቁል ተንዠርግጓል።

«አንተስ ምን ትችላለህ?»

«እኔ እንኳ ከዛፍ ወርጄ አላውቅም።»

«ወይ ትሕትና!» አለች ጦጣ። «ደጃችን ላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር!»

ጉሬዛ ተመረጠ። እሱ ከላይ ቅጠሉን ሲበላ፣ ፍልፈል ከሥር ገብቶ ጉድጓዱን አጋመሰው።

እንደገና ምርጫ ተጠራ። ጃርት እሾኋን አስተኝታ፣ ቀስ ብላ ቀረበች።

«እትዬ ጦጣ፣ ያ ፍልፈል...»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወዲያ በይ፣ ትወጊናለሽ!»

የሜዳ አህያ በዝንጉርጉር ቆዳዋ ተመረጠች። እሷ ከላይ ዝንብ ስታባርር፣ ፍልፈል ከሥር የቀረውን አጋመሰው።

ሦስተኛ ምርጫ ሲጠራ ጃርት ደክሟታል። መንገዱንም ታውቀዋለች፣ መልሱንም ታውቀዋለች። ግን ልጅ መብላት አለባት።

«ተነሽ እንሂድ» አለቻት።

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታት ቆመች። «እማ፣ እሾሄን ንቀይልኝ።»

«ምን ሆንሽብኝ?»

«ሳምር ይመርጡናላ። በመልካችን ነው አይደል?»

«ጅብ ቢመጣስ?»

«ጅብ አንዳንዴ ነው የሚመጣው። ረሃብ ግን በየቀኑ ነው።»

ጃርት አንዷን እሾህ በጥርሷ ያዘች። ልጅቱ ስትወለድ ይቺ እሾህ እንደ ፀጉር ለስላሳ ነበረች። አልነቀለቻትም። አልለቀቀቻትምም። ከእግሯ ሥር ፍልፈሉ ሲቆፍር እየሰማች፣ እንደያዘች ቀረች።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ እናንተ ደግሞ ምክር ስጡኝ። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ፣ ጃርት እሾሁን ትንቀለው ወይስ ትተወው? ለልጅቱስ ምን ብላ ትመልስላት?