ሁሉን የሚረሳው ፍላሽ

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ይርጋ ይባላል። ከተማዋ ያላት ኢንተርኔት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቷ እትዬ አሰገደች ደግሞ ከራሷ ጉዳይ ይልቅ የሰው ጉዳይ የሚጣፍጣት ሴት ነበረች። ደንበኛ ተነስቶ ሲወጣ እሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ ትልና ሲያነብ የቆየውን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ታያለች። ሳይመሽ ከተማው ይሰማዋል። አንዲት ልጅ ስለ እርግዝና በማንበቧ ብቻ ሰርጓ ቀርቷል።

ይርጋ በዚህ ነገር አንጀቱ አረረ። ስለዚህ ፍላሽ ላይ የሚኖር፣ ከቁልፍ ጋር ታስሮ በኪስ የሚዞር ብራውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ማንበቢያ ፕሮግራም ሠራ። ሰው ፍላሹን ባገኘው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ የፈለገውን ከፍቶ ያነባል፤ ነቅሎ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይቀርም። እትዬ አሰገደች ሥራ ፈታች፤ ይርጋም «ከእንግዲህ የሰውን ገመና ተይ» አላት። ነገር ግን ፍላሹ ራሱ የተነበበውን ያስታውስ ነበርና የጠፋበት ሰው ጉዱ ፈላ ማለት ነው። ይርጋ ይህንንም ሊያስተካክል ተነሳ። ፍላሹም ጭምር ሁሉን የሚረሳበት አዲስ እትም ለማውጣት ክረምቱን ሙሉ ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይነሳ ከረመ። ሚስቱ ውብዓለም ምግቡን አጠገቡ ታስቀምጥለታለች፤ ይበርዳል፤ ወስዳ መልሳ ታሞቀዋለች።

አዲሱ እትም ያለቀ ዕለት ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ለእሷ ሰጣት።

«እንኪ፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አላት።

ፍላሹን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «ይርጌ፣ በዚህ ያነበብኩትን ማንም አያገኘውም?»

«ማንም።»

«አንተም?»

«የሠራሁት እኔ እንኳ አላገኘውም!» ብሎ ሳቀ።

እሷም ፈገግ አለች። ጥቂት ቆማ ጠበቀችና ምግቡን ልታሞቅ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ብራውዘሩ በየአገሩ ተዳረሰ። የምስጋና መልእክት ይጎርፍ ጀመር፤ ይርጋ መልስ ሲጽፍ ይውላል። ውብዓለም ከሰዓት በኋላ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። ባዶ እጇን መመለሷን አላስተዋለም። ባስተዋለ ጊዜ እሷ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ሐኪሙ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት የቆየ መሆኑን ነገረው፤ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር አለው። ጥምቀት ሳይደርስ ቀበራት።

በሰልስቱ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ይርጋ ጓዳ ገባና ቁልፏን አነሳ። ፍላሹ አብሮ ታስሯል። ሰካው። ምን እንዳነበበች፣ ምን እንዳስፈራት፣ ማንን እንደጠየቀች ማወቅ ፈለገ። አንዲት ቃል እንኳ ብትሆን ትበቃው ነበር። የተከፈተለት ግን ነጭ ገጽ ነው። እንዲህ አድርጎ የሠራው ራሱ ነውና የሚሞክረው ሌላ ነገር አልነበረም። በቀብሩ ላይ ያልወጣለት ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣለት።

እትዬ አሰገደች ድንኳኑ ውስጥ ነበረችና ድምፁን ሰምታ ገባች።

«እኔ ቤት ነበር የምትመጣው» አለችው። «ጥግ ያለችው ኮምፒውተር ጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥ ነበር። ስትነሳ ዓይኗ ቀልቶ አየው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የሰውን ገመና ተይ ያልከኝ አንተው ነህ። እውነትህን ነው፤ እኔም አፍሬ ተውኩት። ድሮ ቢሆን ግን ወንበሯ ሳይቀዘቅዝ አየው ነበር። ከተማው ሁሉ ሲያወራው ያመሽ ነበር፤ አንተም ትሰማ ነበር። እሷ ታፍር ይሆናል እንጂ ትኖር ነበር።»

ይርጋ ራሱን ይዞ፣ «የገደላት ሥራዬ ነው» አለ።

«እሱማ የታዘዘውን አደረገ። ስትሰጣት ግን ምንም አላለችህም?»

 ይርጋን ትዝ ያለው ውብዓለም «አንተም?» ያለችው ነበር። እሷ የጠየቀችው ስለ ራሷ ነበር፤ እሱ የመለሰላት ስለ ፍላሹ ነው። «ከእኔ ምን የምትደብቂው አለሽ?» እንዲላት ቆማ ጠብቃለት ነበር።

ብዙ ሰው ይርጋ ብራውዘሩን ያጠፋዋል ብሎ ጠረጠረ። አላጠፋውም፤ ሰርጓ የቀረባትን ልጅ አልረሳትም። በቀጣዩ እትም ላይ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ብራውዘሩን ሊዘጋ ሲል እንዲህ የሚል ጽሑፍ ይመጣል፦ «እኔ ለማንም አልናገርም። እርስዎስ ለሚወድዎ ሰው ነግረዋል?» ይርጋም ሥራውን ጨርሶ በዘጋ ቁጥር ያነበዋል። የሚነግራት ግን የለችም።

ወዳጄ፣ ገመናህን ከወሬኛ መሸሸግ መብትህ ነው፤ በሩን ዝጋ፣ ቆልፈው። ሆኖም አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትን አትርሳ። ደግሞም ጥፋቱን ሁሉ በደበቀው ሰው ላይ አንጣል፤ ስንቱ የደበቀው ቀና ብሎ የሚያየው አጥቶ ነው። የበረደ ምግብህን መልሶ የሚያሞቅልህ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቅህ እጅህን ከሥራህ አንሳና ፊቱን እየው። ለመሆኑ ዛሬ ቤትህ ውስጥ «አንተም?» ብሎ የጠየቀህ ማን ነው? ምን መለስክለት?