ከሸለቆው የወጣው ሞተር

አንድ ጊዜ በአንድ የቆላ መንደር ጓንጉል የሚባል አህያ ነበር። ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ፒክአፕ አለው። ቀለሙ ተላልጧል፣ አንዱ በሩ በሽቦ ታስሯል፤ ያም ሆኖ በመንደሩ እንደሱ የተከበረ ነገር አልነበረም። ፒክአፑ የመንደሩን እህል ወደ ደጋው ገበያ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ አንድም አህያ ጀርባው ላይ እህል አልተጫነበትም። ወጣቶቹ አህዮች ገጣባን የሚያውቁት በሽማግሌዎቹ ጀርባ ላይ ሲያዩት ብቻ ነው። ታዲያ ጓንጉል ቢኮራ ማን ይፈርድበታል?

ክፋቱ ኩራቱ ልክ አልነበረውም። «ሞተሩ ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው!» ይላል ባገኘው ሁሉ ፊት። «አባቴ አንዲት ቡሎን እንኳ አላስቀየረም!» ይህን ግን ማንም አልነገረውም። አባቱ የሞተው እሱ ገና ውርንጭላ ሳለ ነው። ወሬውን ራሱ ጀመረው፣ ደጋግሞ አወራው፣ በመጨረሻም ራሱ አመነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የመንደሩ እህል ተሰናድቶ ጭነት ሲጠብቅ፣ ፒክአፑ ከዳገቱ ሥር ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። አህዮቹ ደነገጡ። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ካልተጠገነ እንደ ድሮው እህሉን ተሸክመው፣ ጅቦች በሚያደፍጡበት ሸለቆ ሊያልፉ ነው። እየገፉና እየጎተቱ ዳገቱን አውጥተው ገበያው ዳር ወዳለው ወደ እመት ቀበሮ ጋራዥ አደረሱት።

በዚያ ጋራዥ መፍቻ የሚይዘው አያ ጅቦ ነበር። በአንበሳ አዋጅ በገበያና በጋራዥ ማንም ማንንም አይበላም፤ ቢሆንም ጅቦ ወፍራም ደንበኛ በገባ ቁጥር ምራቁን ይውጣል።

እመት ቀበሮ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አየችው። አየችውና ጓንጉልን ጠየቀችው። «ሞተሩ የራሱ ነው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው!»

«እንዳልክ» አለች ቀበሮ። ነገሩ ገብቷታል፤ ግን ከሚኮራ ደንበኛ ጋር መከራከር ምን ይጠቅማታል? በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነበርና የፒክአፕ ጓርኒሲዮን አውጥታ ሰጠች።

ጅቦ አስቀመጠው። ቀዳዳና ቀዳዳ አልገናኝ አለ። ገለበጠው፤ አሁንም እምቢ አለ። «ጓርኒሲዮኑ ልክ ነው» አለ ጅቦ በመጨረሻ። «የተሳሳተው ሞተሩ ነው። መዶሻ አምጡልኝ!»

መዶሻው እስኪመጣ ድረስ የሞተሩ ጎን ላይ የተጋገረው ቅባት ሸተተው። ለጅቦ ደግሞ ቅባት ቅባት ነው፣ የበግም ይሁን የመኪና። ዞር ብሎ አየና መላስ ጀመረ። ላሰ፣ ላሰ፤ ከቅባቱ ሥር ብረቱ ላይ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ።

«አንተ ሆዳም!» ብላ ቀበሮ ገፈተረችው። ነገር ግን ጓንጉል አይቶታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ቀበሮ ካሁን በኋላ መደበቅ እንደማይቻል አወቀችና ሌላ መንገድ ያዘች። «የሞተሩ ቁጥር ነው። ፊደሉ ደግሞ የፒክአፕ አይደለም፤ የአውቶቡስ ነው። ሞተርህ ተቀይሯል፣ ጓንጉል።»

የጓንጉል ጆሮዎች ወደቁ። አፈረ፤ እጅግ አፈረ።

«አይዞህ» አለች ቀበሮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ገበያ ነው፣ አንበሳም ይመጣል። አባትህ አገር ሲያታልል ኖሯል ቢባል ደስ አይልም። መኪናውን ለእኔ ተውልኝ፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።»

«እህሉስ?»

«ጀርባ የላችሁም እንዴ?»

ጓንጉል እስከ ነገ ላስብበት ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

መንደር ሲደርስ አክስቱ እትዬ ይመኙሻል አውድማው ዳር ገለባ ይበሉ ነበር።

«እትዬ፣ ሞተሩ የአውቶቡስ ነው አሉኝ» አላቸው እየፈራ።

«ነዋ» አሉ እትዬ ይመኙሻል፣ ማላመጣቸውን ሳያቆሙ።

«ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? እኔ አይደለሁ የተሸከምኩት?»

እትዬ ይመኙሻል ገለባቸውን ውጠው ቀጠሉ።

«የፊተኛው ሞተር ዳገቱ ላይ ነዶ ቀረ። ሸለቆው ውስጥ የወደቀ አውቶቡስ ነበር፤ አካሉ ተጨማዷል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። መኪና አይደርስበት። አባትህ ‹እንሸከመዋለን› አለ። አበደ ተባለ! በግንድ አሰርነውና እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሌሎቹ በየጎኑ ሆነን ወጣን። ጅቦቹ ከላይ ያዩናል። ተጠጋግተን ስለሄድን አንዱም አልደፈረን። የአባትህ ጉልበት ሲርድ በግንዱ ይሰማኛል፤ አፉ ግን ‹በርቱ፣ የመጨረሻ ሸክማችን ይሄ ነው› ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተጫንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝና? ስለዚያ መኪና ስታወራ መተንፈሻም አትሰጥ! ‹አብሮ የተወለደ ነው› ስትል እኛ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተን ዝም እንላለን።»

ጓንጉል እንባው መጣ። እንደዚያች ሰዓት ኮርቶ አያውቅም።

በማግስቱ ገበያው ሞልቶ፣ አንበሳም ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ጓንጉል አክስቱን አስከትሎ መጣ። ቀበሮ ተጠግታ «ምን ወሰንክ?» ስትል በጆሮው አንሾካሾከች።

ጓንጉል ግን አላንሾካሾከም። እንደ አህያ ወጉ ሳንባው እስኪሞላ ስቦ ጮኸ። «ስሙኝ! የፒክአፔ ሞተር የአውቶቡስ ነው! አባቴና አክስቴ፣ የመንደሬም አህዮች ከሸለቆው ተሸክመው ያወጡት ነው! እመት ቀበሮ፣ የአውቶቡሱን ጓርኒሲዮን አምጪልኝ!»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ሞተር?» አለ አንበሳ። «በዚያ ሸለቆ? በጀርባ?»

«በጀርባ፣ ጌታዬ።»

«ከተሸከሙት በሕይወት ያለ አለ?»

እትዬ ይመኙሻል እያነከሱ ወደ ፊት ወጡ። አንበሳ ለማንም ብድግ ብሎ አያውቅም። ለእትዬ ይመኙሻል ግን ብድግ አለ፤ አንበሳ ሲነሣ ያየ ገበያተኛም ሁሉ ተነሣ።

ቀበሮ አገር የሰማውን ምስጢር ለማን ትሸጠዋለች? ጓርኒሲዮኑን አመጣች። ጅቦ ሲያስቀምጠው ቀዳዳ ከቀዳዳ ግጥም አለ።

«መዶሻውስ?» አለ ጅቦ ቅር ብሎት።

«አያስፈልግም፣ አያ ጅቦ።»

ሞተሩ ተነሣ። መንደር ተመልሰው እህሉን ጫኑ፣ እትዬ ይመኙሻል ጋቢና ገቡ፣ ፒክአፑም ዳገቱን ተያያዘው። መንገዱ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያይበት ጥግ ሲደርሱ እትዬ ይመኙሻል በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«እዚያች ድንጋይ ጋ ነው ያረፍነው» አሉ። «አባትህ መነሣት አቅቶት ነበር። ተነሣ።»

ጓንጉል ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ ክላክሱን አስረዝሞ ነፋ።

ከዚህ የምንማረው በእጃችን ያለው ነገር ከየት እንደመጣ ጠይቆ ያወቀና ያወቀውንም ሳያፍር የተናገረ፣ የተበላሸውን ለመጠገንም በእውነት ለመኩራትም እንደሚበቃ ነው።