አያ ጅቦ የጨመራት ቃል

አንድ ጊዜ አያ አንበሳ ዘመናዊ ንጉሥ መባል አማረውና የጫካውን ነዋሪ በዳታቤዝ፣ በኮምፒውተር መዝገብ፣ አስመዘገበ። ሥራውን የሠራችው እመት ቀበሮ ናት። «ነዋሪዎች» የሚል እናት ሰንጠረዥ አበጀች፤ ከሥሯም «ባለ ጥፍር» እና «ባለ ኮቴ» የሚባሉ ሁለት ልጅ ሰንጠረዦችን አስቀመጠች። ልጆቹ የእናታቸውን ዓምዶች ወረሱ። በእናቲቱ ላይ በቀጥታ የተመዘገቡት፣ ጥፍርም ኮቴም የሌላቸው፣ እባብና ቀንድ አውጣ ነበሩ።

«እናቲቱን ስትጠይቃት ልጆቿም አብረው ይመልሳሉ» አለችው ጸሐፊውን አያ ጅቦን። «ልጆቿን የማትፈልግ ከሆነ ‹ብቻ› የምትል ቃል ጨምርበት።»

በበጋ ጫካው በእሳት ተያያዘ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ፣ ስሙ በዝርዝር የተጻፈውን እንጂ ሌላ እንደማይቀበል መልእክት ላከ።

«ነዋሪዎችን በሙሉ አውጣልኝ!» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። «አህዮቹ እዚህ ቢቀሩ...» ምራቁን ዋጠና «ብቻ» ብሎ ጻፈ። ዝርዝሩ በሁለት ስም ወጣ። አንበሳም ሳያነብ ማኅተሙን መታበት፤ ንጉሥ አይደል!

በወንዙ ድልድይ ላይ የማዶው ዘበኛ ጉሬዛ ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል። እባብ አለፈ። ቀንድ አውጣም በራሱ ፍጥነት ጉዞ ጀመረ።

«የእኔንና የልጄን ስም ፈልግልን፤ እሳቱ ደረሰ እኮ!» አለች እመት አህያ።

«የላችሁም።»

ጅቦ ፈገግ አለ። አንበሳ ገፍቶ መጣ። «ዞር በል፤ ንጉሡ ነኝ!»

«ጌታዬ፣ ማኅተምዎ አለ፤ ስምዎ ግን የለም።»

«እኔስ?» አለ ጅቦ።

«አንተም የለህም።»

የጅቦ ፈገግታ ጠፋ። ለካ እሱም ባለ ጥፍር ነው!

እመት ቀበሮ ላፕቶፗን ከፍታ አየችና «‹ብቻ›ን ማን ጨመራት?» አለች። ሁሉም ወደ ጅቦ ዞሩ። ቀበሮም ቃሏን ሰርዛ እናቲቱን እንደገና ጠየቀቻት፤ ልጆቹም በአንድነት መለሱ፤ የአንድም እንስሳ ስም አልቀረም።

«እንግዲህ ስም ጠሪው አንተ ነህ» አለው አንበሳ ጅቦን። «ሁሉም ሳይሻገር ንቅንቅ እንዳትል!»

ጅቦም ጭሱ እያስነጠሰው «እመት አህያ ይለፉ፤ ውርንጭላቸውም ይለፉ» እያለ፣ የሰቡት ሁሉ በአፍንጫው ሥር ሲያልፉ በአክብሮት ሸኘ። የራሱ ተራ ሲደርስ የጭራው ፀጉር ተለብልቦ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ከዝርዝር ለማስቀረት የምትጻፍ ትንሽ ቃል የጻፋትን የራሱን ስም እንኳ እንደማትምር ነው።