የተበላው ገለባ ቀረጥ

አንድ ምላሰኛ አጋሰስ ነጂ የነጋዴ ጨው ጭኖ ከአንድ ኬላ ደረሰ። በዚያ አገር ሕግ፣ ጭነት አመላላሽ ለአጋሰሱ ገለባ ሲገዛ የከፈለው ቀረጥ ከጭነቱ ቀረጥ ላይ ይታሰብለት ነበር። ሰውየውም ይህንኑ ተማምኖ ባዶ ኪሱን መጥቷል።

የኬላው ሹም ባላምባራስ ጓንጉል ከአጋሰሱ ኋላ ቆመው ጭነቱን እየዳበሱ፣ "የጭነቱን ቀረጥ አምጣ!" አሉት።

"ጌታዬ፣ የገለባውን ከፍያለሁ፤ እሱ ይታሰብልኝ።"

"ገለባው የታለ?"

"አጋሰሱ በላው።"

"እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ገለባ አላስብም። አሁኑኑ እዚሁ ታስረክበኛለህ፤ አለዚያ አጋሰሱ ይወረሳል!"

ዘበኞቹ ሳቁ፤ አንደኛውም ልጓሙን ያዘ።

ነጂው ክው አለ። ልጆቹን የሚያበላው በዚያ እንስሳ ነው። ወደ እንስሳው ዞር ሲል፣ አጋሰሱ ጭራውን ቀስ አድርጎ ሲያነሳ አየ። ወዲያው ፊቱ በራ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣

"ጌታዬ፣ ገለባው እየመጣልዎ ነው፤ ካባዎን ዘርግተው ይረከቡ!" አላቸው።

ባላምባራስ ወደ ኋላ እየዘለሉ ጮኹ፦ "ታስቦልሃል! ታስቦልሃል! ይዘህልኝ ጥፋ!"