ለአንድ ስም የሚበቃ መስመር

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ ሰው ከሽማግሌ ይልቅ በፎርም በሚጋባበት በዚሁ በእኛ ወቅት፣ ትርሲት የምትባል የወልድያ መምህርት ነበረች። ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ታስተምራለች። ባሏ ምንተስኖት የሚኖረው በረዶ አገር ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፤ እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሌላችሁ ደግሞ ስሙ ምንም አያደርግላችሁም። ሰውዬው ለሃያ ቀን መጣ፣ አገባ፣ ተመለሰ፣ ሚስቱን ለመውሰድም ስፖንሰር ሆኖ ፈረመ። ጉዳዩ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ።

ይህን የማወራችሁ እንድታለቅሱላት አይደለም። ሦስት ሰዎች «ያዳንኳት እኔ ነኝ» እያሉ ሲነታረኩ ሰምቼ ሦስቱንም ናቅኳቸው። የናቁትን ሰው መተው ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ከተናቁት መሃል አንዱን መምረጥ ነው። እሱ አቅቶኛል።

የመጀመሪያው ታላቅ ወንድሟ ልዑልሰገድ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አውራ እሱ ነው፤ አውራነቱንም ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም። ቪዛው ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ትርሲት ሰሌዳው ላይ ጽፋ ሳትጨርስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ልዑልሰገድ ወልድያ ላይ አላሳከማትም። በእኛ ዘንድ በሽታ እንደ ስርቆት ስለሚደበቅ፣ የሚያውቃቸው ሰው የሌለበት ሌላ ከተማ ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሙ በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የጉሮሮ ሕመም ከልቧ በሮች አንዱን እንዳበላሸው ነገራቸው። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት፣ እስከዚያ ጨው እንድትቀንስ፣ ከባድ እንዳታነሳ፣ እንዳታረግዝም በወረቀት ጻፈላቸው።

ልዑልሰገድ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህን ወረቀት አንቺም አላየሽው፣ እኔም አላየሁት» አላት።

«ጋሼ፣ ለባሌማ መንገር አለብኝ።»

«በሽተኛ ሚስት አምጡልኝ ብሎ ማን ይፈርማል? እዚህ የቀዶ ሕክምና ተራ ስትጠብቂ ትሞቻለሽ። እዚያ መሣሪያው አለ፣ ሐኪሙ አለ። መጀመሪያ ድረሺ፣ ከዚያ ታመሚ።»

በሽታ በቀጠሮ የሚመጣ መስሎታል። የቪዛው ምርመራ ሳንባዋንና ደሟን አይቶ ቀደም ብሎ አልፎ ስለነበር የጠየቃትም አልነበረም። ከእሷ ቀጥሎ የሚሄዱት የገዛ ልጆቹ እንደሚሆኑ በልቡ አስልቷል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ልዑልሰገድ ራሱ ይህን ተረት ለጎረቤቱ ሲተርት ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን ስለ ተራው አልዋሸም። እዚያው ብትቀር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርባት ሴት አትኖርም ነበር። እጇን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛትና ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይዞት ተመለሰ።

ሁለተኛው ባሏ ነው። ምንተስኖት በበረዶው አገር የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሥራው የሚያስከብር ነው፤ እሱ ግን ለሠርጉ ወልድያ በመጣ ጊዜ «የትራንስፖርት ኃላፊ ነኝ» ብሏል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ትርሲት ደረጃውን ለሦስት ሳምንት እየቆመች፣ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። በአራተኛው ሳምንት አስቀምጣ ነገረችው።

«ልቤ ታሟል። ሳልመጣም አውቅ ነበር። ወንድሜ አትናገሪ አለኝ፣ አፉ ግን የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ምንተስኖት ሦስት ቀን አላናገራትም። ጓደኞቹን አማከረ። «አታለው ነው ያቀበሉህ፤ ስፖንሰርነቱን አንሳ፣ ትመለስ» አሉት። እሱም ደብዳቤውን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ፖስታው ውስጥ አሸገው። ያ ደብዳቤ ቢደርስ ኖሮ ትርሲት በመጣችበት ትመለስ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ከነፖስታው ቀደደው፣ ሐኪም ቤት ወስዶ አስመዘገባት፣ የልብ ሐኪም ዘንድ ከአራት ወር በኋላ ቀጠሮ ተሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐኪም ቤት ቀጠሮ በያዘች ቁጥር በጀርባው አዝሎ ያወርዳታል፣ አዝሎም ያወጣታል። ከማዘሉ በፊት ግን ደረጃው ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን ብቅ ብሎ ያያል። የኮቴ ድምፅ ከሰማ «ትንሽ ጠብቂ» ይላታል፣ እሷም በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ሚስቱ ለምን ከቤት እንደማትወጣ ሲጠይቁት ደግሞ «አርግዛለች» አለ። እንግዲህ ለእርጉዝ አምሮት እንደማይነፈግ የማያውቅ ሐበሻ የለም። በከተማው ያለው የሐበሾች ማኅበር ሴቶች ቋንጣ ፍርፍር፣ ቅቤ የጠገበ ዶሮ፣ ጨው የበዛበት ጥብስ እየያዙ ይመጡ ጀመር። ትርሲት ባሏ «አደራሽን እንዳታዋርጂኝ» ስላላት በፊታቸው ትቀምሳለች። የተከለከለችውን ጨው እጅ በእጅ አጎረሷት፣ እግሯ ከበፊቱ ይልቅ አበጠ፣ እነሱም እብጠቱን አይተው «ወንድ ነው» አሉ። ባልየው ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። የመናገር ወኔ እንጂ የማዘል ጉልበት አልጎደለውም።

ሦስተኛዋ እትዬ ሙሉሸዋ ናቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በጽዳት ሠርተዋል። የእህታቸውን ልጅ ለምንተስኖት አስበውለት ነበር፤ እሱ ወልድያ ሄዶ ሲያገባ ዘፈኑን አብረው ዘፈኑ፣ ቂሙን ለብቻቸው ያዙት። አንድ ቀን ባልየው ሥራ ላይ ሳለ እሳቸውም ድርሻቸውን ፍርፍር ይዘው መጡ። ትርሲት ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኟት፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያንቃት መተኛት ካቆመች ሰንብታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ስንት ወርሽ ነው ልጄ?»

«እርጉዝ አይደለሁም፣ እትዬ። ልቤ ነው።»

እትዬ ሙሉሸዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ሳህኑን አስቀምጠው አምቡላንስ ጠሩ። እስኪመጣም ጀርባዋን ደግፈው፣ መስኮት ከፍተው፣ እጇን ይዘው ቆዩ። ሐኪሞቹ ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ አትገኝም ነበር አሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ ባላወራሁት፣ እግራቸውንም በሳምኩ ነበር። ግን አላበቁም። ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ «ባል ተብዬው ደብቆ ይዟት ነው» ብለው ነገሩ፤ በሩን አንድም ቀን ቆልፎባት የማያውቀው ሰው «ሚስትህን ለምን ቆለፍክባት?» እየተባለ ግማሽ ቀን በፖሊስ ተመረመረ። አምቡላንሱ ሆስፒታል ሳይደርስም በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ድምፃቸውን ለቀቁ። «እርግዝናው ውሸት ነው፤ ልጅቷ የልብ በሽተኛ ናት፤ እኔ ሙሉሸዋ ባልደርስ ሬሳ ነበረች» አሉ። ወሬው በዚያው ቀን ወልድያ ገባ። እናቷ የልጃቸውን መታመም የሰሙት ገበያ መሃል፣ ከሽንኩርት ሻጭ ነው፤ ሰምተውም እዚያው ወደቁ።

ትርሲት አራት ቀን ከተኛች በኋላ ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ጠዋት ተወሰነ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። በቀኝ ባሏ ተቀምጧል። በግራ እትዬ ሙሉሸዋ ተቀምጠዋል። ወንድሟ በስልክ ነው፤ ስልኩን የውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ አስደግፈውት ፊቱ ይታያል።

«አንድ ሰው ትመርጫለሽ» አለቻት ነርሷ። «ራስሽን ካላወቅሽ፣ በአንቺ ፈንታ ሐኪሞቹ ጠይቀው የሚያስወስኑት ሰው። ሁለት ስም አይጻፍም።»

ይህን ሲሰሙ ሦስቱም ተቁነጠነጡ።

«የመጣሽው በእኔ ነው» አለ ልዑልሰገድ። «እኔ ዝም ባላሰኝሽ አገርሽ ላይ ሞተሽ ነበር።»

«የቆየሽው በእኔ ነው» አለ ምንተስኖት። «አታላችሁኛል፣ ሆኖም አልመለስኩሽም።»

«የተነፈስሽው በእኔ ነው» አሉ እትዬ ሙሉሸዋ። «አንዱ ደበቀሽ፣ አንዱም ደበቀሽ። እኔ ነኝ ያወጣሁሽ።»

«አንቺማ በገበያ ነው ያወጣሻት» አለ ልዑልሰገድ ከማንቆርቆሪያው ላይ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባባሉ ትርሲት ትንፋሿን አጠራቅማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው።

«እሺ፣ ካልነቃሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

ወንድሟ ፈጥኖ መለሰ። «ሐኪም ፈቀደም አልፈቀደ፣ አስጭኜ እናትሽ ዘንድ አደርስሻለሁ። መሞትሽ ካልቀረ በእጇ ላይ ሙቺ። ባዕድ አገር አትቀሪም።» ይህን ያለው ከእናታቸው አፍ ሰምቶ አልነበረም፤ እናታቸውን አልጠየቃቸውም።

ባሏ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። «መሣሪያው ላይ አቆይሻለሁ። ተስፋ የለም ቢሉኝም አላስነቅልም። ዓመትም ይሁን፣ አሥር ዓመት ይሁን፣ ከጎንሽ ነኝ።» ይህ ፍቅር ይሁን ወይም «ገደላት» እንዳይባል መፍራት፣ እሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እትዬ ሙሉሸዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሐኪሞቹን እሰማለሁ፣ ልጄ። አቁሙ ካሉ አቁሙ እላለሁ። መሣሪያ ላይ የከረመ ሰው ምን እንደሚሆን አልጋውን እየወለወልኩ አይቻለሁ።» ይህን እያሉ ስልካቸው ጭናቸው ላይ ሦስት ጊዜ ነዘረ፤ ማኅበሩ ማንን እንደጻፈች ለመስማት ቸኩሏል።

«ትነቂያለሽ» ያላት አንድም አልነበረም።

ትርሲት ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺን መጻፍ እችላለሁ?»

«እዚህ የምንሠራ ሰዎች አይፈቀድልንም።»

«ባዶ ብተወውስ?»

«ባዶ ከተውሽው ሕጉ ለባልሽ ይሰጠዋል።»

ስለዚህ ባዶ መተውም መምረጥ ነው። በዚህ በኩል ለማምለጥ የምታስቡ ካላችሁ መንገዱ ተዘግቷል። «ሦስቱም ይጻፉ» የምትሉም፣ «ራሷ ከነቃች ምን ያስጨንቃታል» የምትሉም ዝም በሉ፤ እሷ ተጨንቃለች፣ ነገ ልቧ የሚቀደደው እሷ ናት።

ወንድሟ ባይዋሽ አትደርስም ነበር፤ ቢናገር ኖሮ ደግሞ ባሏ ገና ሳትመጣ ተራዋን ይይዝላት ነበር። ባሏ ደብዳቤውን ባይቀድ አትቆይም ነበር፤ «አርግዛለች» ባይል ኖሮ ደግሞ ያን ሁሉ ጨው ባልበላች። እትዬ ሙሉሸዋ ባይደውሉ አትተርፍም ነበር፤ ያደረጉትን ያለ ወሬ ቢያደርጉት ኖሮ ደግሞ እናቷ በገበያ መሃል ባልወደቁ። አንዱ ወደ እናቷ ይወስዳታል፣ አንዱ አይለቃትም፣ አንዷ ትለቃታለች።

እኔ ለሦስቱም የቤቴን ቁልፍ አላስቀምጥም። እሷ ግን የምታስቀምጠው ነፍሷን ነው፣ ሌላ ሰውም በዚያ አገር የላትም። እስክሪብቶው በእጇ ነው፣ ነርሷ ቆማ ትጠብቃለች።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?